ዘፈኑን ስትልኩ ስሙንም ላኩ፦ ከአምባሰል ቅኝት እስከ ሮክ አልበም



እስቲ አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡና የሙዚቃ ፎልደሩን ክፈቱት። ስንቱ ዘፈን ነው ትክክለኛ ስም ያለው? ስንቱስ ነው «ትራክ 01»፣ «ኦዲዮ» ወይም «አሪፍ ሙዚቃ» ተብሎ የተቀመጠው?

እኛም የራሳችንን ከፍተን አየን። አንደኛው ፋይል ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ስንከፍተው ማሲንቆ አለ፣ የሴት ድምፅ አለ፣ ቅኝቱ ደግሞ ጥርት ያለ አምባሰል ነው። ዘፋኟ ግን ማን ናት? «ከማን ተቀበልከው?» ተባባልን። አንዱ ከአጎቱ ልጅ፣ እሱ ደግሞ ከጓደኛው፣ ጓደኛው ሚሞሪ ከሚጭንለት ልጅ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠፋ። ምን አለፋችሁ፣ ውጫሌ ላይ ቁጭ ብለን የአምባሰል ዘፋኝ ስም አጣን!

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ሙዚቃ መቀባበል፣ «ይሄን አልበም ሳትሰማ እንዳታድር» መባባል የቆየ ባህል ነው። ብዙ ትልልቅ ነገሮችም የተጀመሩት በእሱ ነው። ነገር ግን ቅብብሉ የሚሠራው አንድ ነገር አብሮ ሲሄድ ነው፤ ስም። በሦስት እውነተኛ ታሪኮች እናሳያችኋለን። ከዚያ ወደ ሮክ እንሻገራለን፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተ ከጓደኞቻችሁ ጋር አልበም እንዴት እንደምትቀያየሩ እንነግራችኋለን።

(ዘመኖቹን «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ታሪክ አንድ፦ ጓደኛ ያመጣው ሸክላ

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ያለ፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ግን «የመጣው ይምጣ» ብሎ በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ጀመረ፤ አምሃ ሪከርድስ። መጀመሪያ ካሳተማቸው ውስጥ የዓለማየሁ እሸቴ ሥራ አለበት። ብዙም ሳይቆይ እነ ካይፋ ሪከርድስ ተከተሉ። ዛሬ «የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ» የምንለው አብዛኛው በእነዚህ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ ነው የተቀረጸው።

ከእነዚህ አንዱ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ነው። በ1975 በካይፋ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1984፣ ከቲያትር ቡድን ጋር አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ አንድ ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ ይዞ አገሩ ገባና ለጓደኞቹ አሰማ። ከሰሚዎቹ አንዱ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይባላል። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። በካሴት እየቀዳ ለሚያውቃቸው ሙዚቃ አዋቂዎች አሰማቸው። ማንም እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ፋልሴቶ ዝም ብሎ አልቀረም። በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 «እሬ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ አስናቀች ወርቁ፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ... ሁሉም በዚህ በር ነው ለዓለም ጆሮ የደረሱት። የሙላቱን ሥራ የአሜሪካው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ ውስጥ ተጠቀመበት፤ ከዚያ በኋላ ሙላቱን የማያውቅ የጃዝ ወዳጅ ጠፋ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ምንድነው? አንድ ሰው ለጓደኛው «ይሄን ስማልኝማ» ማለቱ።

ታሪክ ሁለት፦ ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

ሁለተኛው ታሪክ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ነው።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ? የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት የኖረ ነው። በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን አወጣ፣ ኪቦርዱን ጨመረ፣ ከበሮውን በማሽን አስመታ። ርዕሱ «ሸሞንሟናዬ»። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ኃይሉ ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ቀጠለ። አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከኮፈኑ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ማን እንደሚነዳቸው አያውቁም።

በኋላ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያሰማ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጣ። ገበያ ውስጥ ካሴቶች ሲያገላብጥ ያቺን ካሴት አገኛት፣ ገዛት፣ ሰማት። አበደ ነው የሚባለው! ሽፋኗ ላይ ያለውን ስም ይዞ ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፣ የኃይሉን ስልክ አገኘና ደወለለት። በ2013 «ሸሞንሟናዬ» በአዲስ መልክ ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ ዓለምን ዞረ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

አሁን እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሰውየው ኃይሉን እንዴት አገኘው? ካሴቱ ላይ ስሙ ስላለ! አስቡት፣ ያ ሙዚቃ በካሴት ፋንታ «ትራክ 01» ተብሎ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ አሜሪካዊ ማንን ይፈልጋል? ዘፈኑን ይወደዋል፣ ይሰማዋል፣ በቃ። ኃይሉም እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ሳይመለስ ሊቀር ይችል ነበር።

ለዚህ ነው እኛ የስም ነገር ቀላል አይደለም የምንለው። ስም የሌለው ዘፈን መመለሻ መንገድ የለውም።

ታሪክ ሦስት፦ ባዶ ካሴት ይዘህ ና

ሦስተኛው ታሪክ ከሰሐራ በረሃ ነው። ቲናሪዌን የሚባሉ ከማሊ የተነሡ የቱዋሬግ ተወላጆች አሉ። ዛሬ «የበረሃ ሮክ» ወይም «የበረሃ ብሉዝ» የሚባለው የጊታር ሙዚቃ አባቶች ናቸው። በ1980ዎቹ ማሳተሚያ ቤት የላቸውም፣ ሬዲዮም አያሰማቸውም። ምን አደረጉ? ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ በነጻ ይቀዱለት ነበር። ያ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከግመል ወደ መኪና እየተሻገረ በረሃውን አዳረሰው።

ሰሚዎቹ የቡድኑን ስም ይዘው ነው የተቀባበሉት። ስሙ ከዘፈኑ ጋር ስለተጓዘ ዓለም ሲፈልጋቸው አገኛቸው፤ በ2012 «ታሲሊ» በተሰኘ አልበማቸው የግራሚ ሽልማት ወሰዱ።

እሺ፣ ሮክ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

«ሮክ ጩኸት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንድ ነገር እናሳያችሁ። የፒያኖ አፕ ስልካችሁ ላይ ካለ ክፈቱት።

መጀመሪያ እነዚህን አምስት ድምፆች ምቱ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ምን መሰላችሁ? አምባሰል ነው! የእኛው ተራራ ስም የተሰጠው ቅኝት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) ሁለቱ በእኛው አካባቢ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። የሙዚቃ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ ሲነገር «አምባሰል» ሳይባል አይታለፍም።

አሁን ደግሞ እነዚህን ምቱ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚሁኑ ድምፆች ሳትቀይሩ ከመጨረሻው ጀምሩ፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ይሄ ደግሞ የትም አገር ያለ የሮክ ጊታር ተማሪ በመጀመሪያ የሚለማመደው ስኬል ነው። ብዙ የሮክ ሶሎዎች በእሱ ላይ የተገነቡ ናቸው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ መነሻው ነው የተለየው።

ስለዚህ አንድ የወሎ ልጅ የሮክ ጊታር ሲሰማ «ይሄን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ካለ አልተሳሳተም።

ይህን ቀድመው የገባቸው ሰዎች አሉ። ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሰምተው ፍቅር ያዛቸው። ጌታቸው ማለት ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፤ ቁጣው፣ ፉከራው፣ ሁሉም በትንፋሽ። ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በ2004 ሲያከብር ጋበዙት። ሮከሮቹና ሽማግሌው ተግባቡ። በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው ሠሩ። የተበጠሰ የሚመስል ኤሌክትሪክ ጊታር ከሽለላ ጋር! ያልሰማችሁ ዛሬውኑ ፈልጉት።

በአገር ውስጥ ደግሞ ጃኖ ባንድ አለ። በ2012 «ኤርታሌ» የሚለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ፕሮዲውሰራቸው በዓለም የታወቀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ከባድ ጊታር፣ ከባድ ድራም፣ በላዩ የእኛው ዜማ። አንዳንዱ ሰው «ይሄ የኛ አይደለም» አለ። ጊታሩ የሚጫወተውን ቅኝት በጆሮው ለያይቶ የሰማ ግን እንደዚያ ለማለት ይከብደዋል።

አሁን ያለንበት ሁኔታ

ቅብብሉ ዛሬም አልቆመም፤ መልኩን ነው የቀየረው። ሸክላ በካሴት፣ ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራም ተተካ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት በቆየበት ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰን ብሉቱዝና ሚሞሪ ካርድ ነበር መተማመኛችን። ያኔ አንድ ሙሉ አልበም በስልኩ የያዘ ልጅ የሰፈሩ ንጉሥ ነበር። እውነት አይደለም?

ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው። ሸክላው ላይ ወረቀት አለ። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ተጽፏል። ድሮ ልጆች ዘፈኑን እየሰሙ ሽፋኑን በቃል ይይዙት ነበር። ፋይል ግን ሽፋኑን ይጥላል። ዘፋኙ ቢታወቅ እንኳ ገጣሚው ይረሳል፣ ማሲንቆ መቺው ይረሳል፣ ጊታሪስቱ ይረሳል።

በወሎ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ማሪቱ ለገሰን ሁላችንም እናውቃታለን፤ አምባሰል ሲባል ስሟ አብሮ ይነሣል። ከእሷ ሌላ ግን በሠርግ፣ በኪነት ቡድን፣ በትንንሽ ስቱዲዮ ተቀድተው የቀሩ ስንት ድምፆች አሉ? እነዚህን አሜሪካዊ መጥቶ አያገኛቸውም፤ ምክንያቱም የሚፈለግ ስም የላቸውም። ስማቸውን የሚያውቁት ምናልባት የእናቶቻችንና የአያቶቻችን እኩዮች ብቻ ናቸው። እነሱም ለዘላለም አይቆዩልንም።

አንድ ነገር እንጨምር። ስም መጥቀስ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው ባለቤት ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል። ገንዘብ እየተቀበሉ የሰው ሙዚቃ ሚሞሪ ላይ መጫንም መብት መንካት ነው። እኛም ጭነን እናውቃለን፣ ንጹሕ ነን አንልም። አሁን ግን ሌላ አማራጭ አለ፤ እንደ ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችና የአርቲስቶቹ የዩቲዩብ ቻናሎች አሉ። ኔትወርክ ባለበት ጊዜ ፋይል ከመላክ ሊንኩን መላክ ለአርቲስቱም ይጠቅመዋል፣ ስሙም ሳይጠፋ ይደርሳል።

አልበም እንዴት እንቀያየር?

እኛ ከጓደኞቻችን ጋር የምናደርገውን እንንገራችሁ። ቀላል ነው።

1. ሁለት ወይም ሦስት ሁኑ። ሃያ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ዘፈን ይላካል እንጂ አይሰማም። ለሁለት ግን ትተያያላችሁ፣ «ሰማኸው?» ትባባላላችሁ።

2. በሳምንት አንድ አልበም ብቻ። አንዱ ከአገር ውስጥ ካመጣ ሌላው ከውጭ ያምጣ። አንድ ዘፈን ሳይሆን ሙሉውን፣ በተሠራበት ቅደም ተከተል። አርቲስቱ የመጀመሪያውን ዘፈን መጀመሪያ ያደረገው በምክንያት ነው።

3. ስትልኩ አራት ነገር ጻፉ፦ የዘፋኙ ወይም የባንዱ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ ከዚያ ደግሞ ለምን እንደመረጣችሁለት በአንድ አረፍተ ነገር። «አሪፍ ነው» አይቆጠርም! «አራተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ሲገባ አንተን አስታወሰኝ» ማለት ነው ጥቆማ።

4. ፋይሉን አስተካክሉ። ኤምፒ3 ፋይል ውስጥ የዘፋኝ፣ የአልበምና የዓመት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ይህን የሚያስተካክሉ ነጻ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ቢያንስ ቢያንስ የፋይሉን ስም ቀይሩት። ዘፈን በቮይስ ሪኮርድ ቀድታችሁ አትላኩ፤ ድምፁም ይበላሻል፣ ስሙም ይጠፋል።

5. ዳታ አስቡ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ320 ከሆነ 2.4 አካባቢ። የ45 ደቂቃ አልበም አንዱ ወደ 43፣ ሌላው ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ለጓደኛችሁ ካርድ እዘኑለት።

6. ከሰማችሁ በኋላ መልሱ። ካልወደዳችሁት «አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም...» በሉ። መቀያየር ማለት ይሄ ነው፤ እንዲሁ መቀበል አይደለም።

ለጀማሪ የመጀመሪያ ጥንዶች

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ አንድ ከኛ አንድ ከውጭ እያደረግን ሦስት ጥንድ መርጠናል።

የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» (1975) ከዊች «ሌዚ ቦንስ» (1975) ጋር። ዊች የዛምቢያ ሮክ ባንድ ናቸው። ሁለቱም አልበሞች በአንድ ዓመት ነው የወጡት። አፍሪካ ያን ጊዜ ምን ትመስል እንደነበር በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።

የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» (1985) ከፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) ጋር። ሁለቱም ማታ ማታ፣ መብራት አጥፍቶ የሚሰሙ ናቸው። ኪቦርድ ብቻውን ስንት ነገር እንደሚናገር ታያላችሁ።

የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» (2012) ከቲናሪዌን «አማን ኢማን» (2007) ጋር። የራስን ዜማ ይዞ ኤሌክትሪክ ጊታር ማንሣት በሁለት መንገድ።

በመጨረሻ

የከተማችንን ስም ዓለም የሚያውቀው በአንድ ወረቀት ነው። የ1889ኙ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላል»ን፣ በጣልያንኛው «ግዴታ»ን ይዞ ተገኘ፤ ውጤቱም አድዋ ላይ ታየ። አንዲት ቃል ስትዛነፍ ምን እንደሚከተል ለማስረዳት ከውጫሌ ልጅ የሚሻል የለም ማለት ነው።

የዘፈንም ነገር እንደዚያው ነው። ስሙ ስትቀር ትንሽ ነገር የቀረች ትመስላለች። ነገር ግን በዚያች ስም ነው ኃይሉ የተገኘው።

ያን ቁጥር ብቻ ያለውን የኛን ፋይል አልተውነውም። አሁን ለትልልቆቻችን እያሰማን ነው። አንዲት እናት ገና ማሲንቆው ሲጀምር «ውይ!» ብለው ፈገግ አሉ። ስሟን ለማስታወስ ግን «ቆዩማ፣ ይመጣልኛል» ብለውናል። እየጠበቅን ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ስም የሌለው ዘፈን ምረጡና እናታችሁን፣ አጎታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ስሙን ስታገኙት ጻፉበት፣ ከዚያ ላኩት።

መልካም ማድመጥ፣ ቤተሰቦች!